ለሯጭ እግር በልክ የሚሠራ የጫማ ድጋፍ፦ ከመለካቱ እስከ መሮጡ

ሕመሙ የጀመረኝ ግራ ተረከዜ ላይ ነው። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያውን እርምጃ ስረግጥ ሚስማር የረገጥኩ ያህል ይወጋኛል። ግድግዳ ይዤ፣ በጣቶቼ እየተራመድኩ መታጠቢያ ቤት እደርሳለሁ። ፊቴን ታጥቤ እስክመለስ ለቀቅ ያደርገኛል። ሩጫ ስወጣ ደግሞ 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ላይ ጭራሽ እረሳዋለሁ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ስነሳ ግን ተመልሶ ይመጣል። «ይለቀኛል፣ ይለቀኛል» እያልኩ አራት ወር ሮጥኩበት።

በመጨረሻ የረዳኝ በእግሬ ልክ የተሠራ የጫማ ውስጥ ድጋፍ ነው። ባለሙያዎቹ ኦርቶቲክስ ይሉታል። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችሁ «ሚድራሲም አሠራሁ» ሲሉ ሰምታችሁ ከሆነ እሱው ነው። ግን የረዳኝ ሁለተኛው ጥንድ ነው። የመጀመሪያው ገንዘቤን በላ፣ ጤነኛ የነበረውን ቅልጥሜንም አሳመመኝ። ሲለኩኝ ተሳስተዋል፤ እኔም አጀማመሬ ልክ አልነበረም። ሁለቱንም ስህተት እንዳትደግሙት ቅደም ተከተሉን ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ግን ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንወቅ። አንድ እግር ውስጥ 26 አጥንቶች አሉ። ስንሮጥ እያንዳንዱ እርምጃ መሬት ሲነካ ከክብደታችን 2 እስከ 3 እጥፍ የሚሆን ጫና እግራችን ላይ ያርፋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ከ120 እስከ 180 ኪሎ ይቀበላል ማለት ነው። በአንድ ሰዓት ሩጫ ውስጥ ይህ በሁለቱ እግሮች ተደምሮ 10,000 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ጫናው ሁልጊዜ አንድ ጅማት ወይም አንድ አጥንት ላይ ካረፈ ያ ቦታ ይደክማል፣ ከዚያ ያማል።

ድስቱ ሲያዘነብል ጉልቻው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ሸጎጥ እናደርግ የለ? ድስቱ ያው ድስት ነው። ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ግን ተቀየረ። ኦርቶቲክስም ይኸው ነው። አጥንት አያቃናም፣ ጠፍጣፋውን እግር ጎድጓዳ አያደርግም። ጫናውን ከታመመው ቦታ ወደ ጤነኛው ያካፍላል። የታመመው ቦታ ፋታ ያገኛል፤ በዚያ ፋታ ጡንቻና ጅማቱን ማጠንከር የእናንተ ሥራ ነው።

1. ሕመሙ የት እንደሆነ በጣታችሁ ፈልጉ

ወንበር ላይ ተቀመጡና ካልሲያችሁን አውልቁ። በአውራ ጣታችሁ ቀስ እያላችሁ ተጫኑ።

ተረከዝ ሥር፣ ወደ ውስጠኛው በኩል ሲጫኑት የሚያም፣ ጠዋት የሚብስ ከሆነ ከተረከዝ እስከ ጣቶች የተዘረጋው ወፍራም ሽፋን ተጎድቷል ማለት ሊሆን ይችላል። የእኔ ይሄ ነበር። ድጋፍ ከሚረዳቸው ሕመሞች ዋናው ነው። ከጣቶቹ ሥር፣ የእግር ፊት ላይ የሚያቃጥል ከሆነም ትክክለኛ ቦታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ትራስ ብዙ ታቀላለች። ከተረከዝ ኋላ ያለው ጅማት ከሆነ የታመመው፣ ሙሉ ኦርቶቲክስ ከማሠራት በፊት ተረከዝን ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ የምታደርግ ቁራጭ ሞክሩ። ጉልበት ፊት ለፊት ለሚያማቸው ሰዎች ድጋፉ የተወሰነ እፎይታ ይሰጣቸዋል፤ ዋናው መድኃኒት ግን የጭንና የዳሌ ጡንቻ ማጠንከር ነው።

ቅልጥም ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። የአጥንቱን የውስጥ ጠርዝ ከላይ ወደ ታች እየተጫናችሁ ውረዱ። ሕመሙ መዳፍ በሚያህል ርዝመት ላይ የተበተነ ከሆነ ከመጠን በላይ ሩጫ ያመጣው የቅልጥም ሕመም ሊሆን ይችላል። በአንድ ጣት ጫፍ የሚሸፈን አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ስትነኩት የሚያዘልላችሁ ከሆነ፣ ሌሊትም የሚያማችሁ ከሆነ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሩጫው ያኔውኑ ይቆማል። ወጌሻ ጋር ሄዳችሁ አታሳሹት። ሐኪም ጋር ሂዱ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ «ራጁ ደህና ነው» ተብላችሁ ሕመሙ ከቀጠለ ኤምአርአይ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ወይም እግራችሁ የሚደነዝዝ ከሆነም ያለ ሐኪም ምክር ጫማ ውስጥ ምንም ነገር አታስገቡ። ቁስሉ ሳይሰማችሁ ሊሰፋ ይችላል።

2. ርካሹን መንገድ ቀድማችሁ ሞክሩ

ጫማችሁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ በኩል በዓይናችሁ ትክክል ዝቅ ብላችሁ እዩት። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ተጋድሟል? የመሃል ሶሉ ተሸብሽቧል? የሩጫ ጫማ በአብዛኛው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ላዩ አዲስ ቢመስልም ውስጡ ሞቷል። ሳልባጅ የሩጫ ጫማ ለምትገዙ ደግሞ ይህ ፍተሻ ግዴታ ነው። ያ ሶል በሌላ ሰው እግርና አረጋገጥ ተደምድሟል። በተጋደመ ጫማ ላይ ውድ ድጋፍ ማስቀመጥ በዘመመ ግድግዳ ላይ ጣሪያ ማቆም ነው።

ጫማው ደህና ከሆነ በፋብሪካ የተሠራ፣ መሃሉ ጠንከር ያለ ድጋፍ ገዝታችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሞክሩ። ይህን የምለው ብር ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ተረከዛቸውን የሚያማቸው 135 ሰዎች በሦስት ተከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን በልክ የተሠራ፣ ሌላው በፋብሪካ የተሠራ፣ ሦስተኛው ድጋፍ የማይሰጥ ስስ ስፖንጅ ተሰጠው። ከ3 ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቡድኖች እንቅስቃሴ ከሦስተኛው ተሽሎ ተገኘ፤ በሁለቱ መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ከ12 ወር በኋላ ሦስቱም ተቀራረቡ።

ታዲያ በልክ ማሠራት ለማን ነው? የተዘጋጀውን በአግባቡ ሞክሮ ላልተሻለው። እግሩ በጣም ጎድጓዳ ወይም በጣም ጠፍጣፋና የማይተጣጠፍ ሆኖ የሱቁ ዕቃ ለማይገጥመው። አንድ እግሩ ከሌላው ለሚያጥር። ቁርጭምጭሚቱ ወይም እግሩ ተሰብሮ ቅርፁ ለተቀየረ። እና ያው ጉዳት ያው ቦታ ላይ እየተመላለሰ ለሚያስቸግረው ሯጭ። እግሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ምንም የማያመው ሰው ግን ምንም ማሠራት የለበትም። ጠፍጣፋ እግር በራሱ በሽታ አይደለም።

(ይህን ሳነሳ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል ያሸነፈው?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሮጦ አሸንፏል። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማና ካልሲ አድርጎ 2:12:11 ሮጠ። ጫማ ለብሶ ያደገ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ የሚቀመጥ ሰው እግር ለባዶ እግር ሩጫ አልተዘጋጀም። በታመመ ተረከዝ ይህን መሞከር አልመክርም።)

3. የሚለካችሁን ሰው ምረጡ

አገር ቤት ከሆናችሁ በአጥንት ሐኪም ወይም በፊዚዮቴራፒስት ጀምሩ። እነሱ የሰው ሠራሽ አካልና ድጋፍ ወደሚሠሩ ባለሙያዎች ይመሯችኋል። አሜሪካ ያላችሁ ፖዲያትሪስት የሚባለው የእግር ሐኪም ጋር ትሄዳላችሁ። እዚያ አንድ ጥንድ ብዙ መቶ ዶላር ሊያስወጣ ይችላል። ብዙ ኢንሹራንሶችም አይሸፍኑም። ከመለካታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፤ ኤችኤስኤ የሚባለው የሕክምና ቁጠባ ካርድ ካላችሁም በእሱ መክፈል ይቻል እንደሆነ አጣሩ። እስራኤል ያላችሁ በኩፓት ሆሊም ተጨማሪ መድኅናችሁ ቅናሽ ካለ ጠይቁ።

ወደ ቀጠሮው ስትሄዱ የሮጣችሁበትን አሮጌ ጫማ ያዙ። ሳታጥቡት። አረጋገጣችሁ ሶሉ ላይ ተጽፏል። ቁምጣ ልበሱ፣ ጉልበታችሁ መታየት አለበት።

ጥሩ ባለሙያ እግራችሁን በእጁ ይዞ ያገላብጣል። አውራ ጣታችሁ ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚታጠፍ ያያል። በአንድ እግር ቆማችሁ ተረከዛችሁን እንድታነሱ ያደርጋል። የሁለቱን እግሮች ርዝመት ያወዳድራል። በባዶ እግር ያራምዳችኋል፤ ከተቻለ መሮጫ ማሽን ላይ ያስሮጣችኋል። በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሮጡ፣ አስፋልት ይሁን ጃንሜዳ ሣር ወይስ እንጦጦ ዳገት ይጠይቃል። እግራችሁን ሳይነካ ዋጋ የሚነግራችሁ ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ።

አሁን የእኔን ስህተት ልንገራችሁ። የእግር ልክ የሚወሰደው በሦስት መንገድ ነው፦ በጀሶ፣ ስፖንጅ በሞላ ሳጥን ውስጥ እግርን በማስገባት፣ ወይም በስካነር። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ሳጥኑን መሬት ላይ አደረጉና «ቁምበት» አሉኝ። ቆምኩበት። ሙሉ ክብደቴ ሲያርፍበት የእግሬ ቅስት ወደ ውስጥ ተደፋ። ስፖንጁ ላይ የታተመው የተደፋው እግሬ ነው። በዚያ ቅርፅ የተሠራው ድጋፍም ያንኑ የተደፋ እግር ይዞ የሚቆም ፕላስቲክ ሆነ። ሁለተኛው ባለሙያ በሆዴ አስተኝቶ፣ እግሬን መሃል ላይ አስተካክሎ ይዞ በጀሶ ለካኝ። ጀሶው ሲደርቅ እየሞቀ እግሬን ጨበጥ ሲያደርገው፣ እሱ ጣቱን ከታናሿ ጣቴ ሥር አላነሳም ነበር። በሳጥን ከሆነ የምትለኩት ተቀምጣችሁ፣ ባለሙያው ጉልበታችሁን ይዞ እግራችሁን እየመራ ይሁን። በስካነርም ቢሆን «ልኩ የሚወሰደው ቆሜ ነው ወይስ ተቀምጬ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱን የሚያስረዳችሁ ሰው ሥራውን ያውቃል።

ስለ ቁሱም ተነጋገሩ። ለሯጭ በአብዛኛው የሚስማማው ትንሽ የሚተጣጠፍ፣ ፖሊፕሮፕሊን የሚባል ፕላስቲክ ወይም ጠንከር ያለ ኢቫ የሚባለው ፎም ነው። እንደ ድንጋይ የደረቀ ለሩጫ አይመችም። በጣም የለሰለሰ ደግሞ በጥቂት ወራት ይደፋል። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ እንዳትረሱ፦ «ካልተመቸኝ ማስተካከያው በዋጋው ውስጥ ነው?» አንድም ሁለትም ጊዜ መልሶ መሞረድ የተለመደ ነው።

4. ጫማው ውስጥ አስገቡት

ጫማው ይዞት የመጣውን የውስጥ ሶል አውጡ። ብዙ ሰው በላዩ ላይ ይደርብና «ጫማዬ ጠበበኝ፣ ተረከዜ እየወጣ አስቸገረኝ» ይላል። አዲሱ ድጋፍ ፊቱ ከረዘመ አሮጌውን ሶል በላዩ አስተኝታችሁ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምሩና በመቀስ ከርክሙ። በአንዴ ብዙ አትቁረጡ። የፕላስቲኩን ክፍል ግን በራሳችሁ አትንኩት።

ከዚያ በእጃችሁ ገብታችሁ ዳስሱ። የተረከዝ ማረፊያው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገብቷል? ይወዛወዛል? ጠርዙ ላይ የሚቆረቁር ነገር አለ? ስትቆሙ ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት አንድ አውራ ጣት የሚያህል ክፍት ቦታ ይኑር። ጫማው ራሱ እግርን ወደ ውጭ የሚገፋ ድጋፍ ያለበት ዓይነት ከሆነ ከኦርቶቲክሱ ጋር ሲደመር እርማቱ እጥፍ ይሆናል። ተራ፣ ቀጥ ያለ ጫማ ይሻላል። ካርቦን ያለባቸው የውድድር ጫማዎች የውስጥ ሶላቸው ብዙ ጊዜ ስለተለጠፈ ለዚህ አይመቹም።

5. ቀስ ብላችሁ ልመዱት

የመጀመሪያውን ጥንድ በተቀበልኩበት ቀን ማግስት 12 ኪሎ ሜትር ሮጥኩበት። ከሰባተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ የውስጥ እግሬ ውሃ ቋጠረ። በሁለት ቀኑ ቅልጥሜ ያመኝ ጀመር። ዕቃው ፍጹም ልክ ቢሆን እንኳ እንደዚያ ማድረግ አልነበረብኝም። ጫናው ሲዛወር፣ እስከ ዛሬ ያልሠራ ጡንቻና ጅማት ሥራ ይጀምራል።

በመጀመሪያው ቀን 1 ሰዓት ብቻ፣ ያውም ቤት ውስጥና ሰፈር አካባቢ ለመራመድ አድርጉት። በየቀኑ 1 ሰዓት ጨምሩ። አንድ ቀን ላይ ካመማችሁ አትጨምሩ፣ ወደ ትናንቱ ተመለሱ። በ8 ወይም በ10 ቀን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሥራ ልትውሉበት ትችላላችሁ። ሙሉ ቀን ያለ ችግር ሁለት ሦስት ጊዜ ካሳለፋችሁ በኋላ ነው ሩጫ የሚታሰበው።

የመጀመሪያው ሩጫ 10 ደቂቃ ነው። ሜዳ ላይ፣ ዘና ብላችሁ። በማግሥቱ እረፉ። ከዚያ በየሁለተኛው ሩጫ 5 ደቂቃ ጨምሩ። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ፍጥነት አትሥሩ፣ ቁልቁለት አትውረዱ። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የምትሠሩ ከሆነም ደረጃውን ለጊዜው ተዉት። ኅዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ ቲሸርት ገዝታችሁ ከሆነ ከአሁኑ ወደ ኋላ ቁጠሩና ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። በውድድር ሳምንት አዲስ ድጋፍ ማስገባት አይታሰብም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የእግራችሁ መሃል ላይ ክብ ነገር የረገጣችሁ ያህል ቢሰማችሁ፣ ባታችሁም ቢዝል አትደንግጡ። ያልፋል። ውሃ ከቋጠረ፣ ጣቶቻችሁ ከደነዘዙ፣ ወይም ከዚህ በፊት ያላመማችሁ ጉልበት፣ ዳሌ ወይም ወገብ ካመማችሁ ግን አውጡትና ወደ ሠራላችሁ ሰው ተመለሱ። ስትሄዱ የሚቆረቁራችሁን ቦታ በእስክሪብቶ ድጋፉ ላይ ምልክት አድርጉበት። «ያመኛል» ከማለት ያቺ ምልክት ብዙ ትናገራለች። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይታችሁ ምንም ለውጥ ከሌለም ተመለሱ።

6. ፋታው ሳያልፍ እግራችሁን አጠንክሩ

ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉ እለምናችኋለሁ። እኔን ከሕመም ያወጣኝ ድጋፉና ይህ እንቅስቃሴ አንድ ላይ ነው።

ፎጣ ጠቅልሉና ደረጃ ጫፍ ላይ አስቀምጡ። ጣቶቻችሁን ፎጣው ላይ አሳርፉ፤ ጣቶቹ ወደ ላይ ይታጠፉ። ተረከዛችሁ ከደረጃው ውጭ ይንጠልጠል። ግድግዳ ያዙ። በአንድ እግር፣ 3 ሰከንድ እየቆጠራችሁ ተነሡ። ላይ 2 ሰከንድ ቆዩ። 3 ሰከንድ እየቆጠራችሁ ውረዱ። 12 ጊዜ፣ በ3 ዙር፣ በየሁለት ቀኑ። 12ኛው ላይ እግራችሁ መዛል አለበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቦርሳ ውስጥ መጽሐፍ ጨምራችሁ ተሸከሙና በ10 ጊዜ፣ በ4 ዙር ሥሩት። ቆይታችሁ ክብደቱን ጨምራችሁ ወደ 8 ጊዜ፣ 5 ዙር። በአንድ እግር ካቃታችሁ በሁለቱም ጀምሩ። ዴንማርክ ውስጥ 48 ሕመምተኞች ላይ የተሞከረው እንዲህ ነው። ሁሉም ጫማቸው ውስጥ የተረከዝ ድጋፍ ነበራቸው። ግማሾቹ ማፍታታት ብቻ ሠሩ፣ ግማሾቹ ይህን። ከ3 ወር በኋላ ይህን የሠሩት ተሽሏቸው ተገኘ።

ፎጣው ለምን? ጣት ወደ ላይ ሲታጠፍ ያ ከተረከዝ እስከ ጣት የተዘረጋው ሽፋን ይወጠራል። ባትም እሱም አብረው ይሠራሉ።

7. አያያዙና መውጫው

ከሩጫ ስትመለሱ ድጋፉን ከጫማው አውጥታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ አታስቀምጡት፣ ቅርፁን ይለቃል። ክረምት ላይ ጭቃ ሲገባበት በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ አትዘፍዝፉት። ሲሄድ ሲጥ ሲጥ ካለ ሥሩ ላይ ትንሽ ፓውደር ነስንሱ። ፕላስቲኩ ዓመታት ያገለግላል፤ የላዩ ሽፋን ግን ብዙ ለሚሮጥ ሰው በዓመት አካባቢ ያልቃል። እሱን ብቻ ማስቀየር ይቻላል።

ከ3 እስከ 6 ወር ያለ ሕመም ከሮጣችሁና እግራችሁን ካጠናከራችሁ ማስወገዱን መሞከር ትችላላችሁ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ በእግር ጉዞ፣ ከዚያ በሳምንት አንዷን አጭርና ቀላል ሩጫ ያለ ድጋፍ። ተረከዛችሁን ጠዋት ስትነሱ ጠይቁት። ምንም ካላለ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት አድርጉ። መውጋት ከጀመረ መልሱት። እግራቸው በጣም ጎድጓዳ ወይም የማይተጣጠፍ የሆነ፣ ወይም ሁለቱ እግሮቻቸው እኩል ያልሆኑ ሰዎች ዘላቂ አድርገው ሊይዙት ይችላሉ፤ ምንም ጉዳት የለውም። እኔ አሁን ለረጅሙ የእሑድ ሩጫ ብቻ ነው የማስገባው። በሌሎቹ ቀናት መስኮቱ አጠገብ፣ ከካልሲዎቼ ጋር ተቀምጦ ይጠብቀኛል።